«እናያለን» የማትል ሴት

«ትንሽ አሟት ነው፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ የስንዱ እህት ልጅ በስልክ።

ትንሽ አሟት ነው! ገና ወፍ ሳይንጫጫ ተደውሎ «ትንሽ አሟታል» ሲባል ትርጉሙ የሚጠፋው ሐበሻ ካለ እስቲ አሳዩኝ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩና ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ያንገበገበኝ ሞቷ ብቻ አልነበረም። ሌላው ሰው በተሸፋፈነ ቃል ይረዳ፣ ግድ የለም፤ ወጋችን ነው። ግን ለስንዱ? ለስንዱ እንኳ ቀጥ ያለ አንድ ቃል ይጥፋ? ቂርቆስ ሰፈራቸው ስደርስ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነው፣ ወንበር ከጋሪ እየወረደ ነው። ልጅቷ ግን አሁንም በሩ ላይ ቆማ «ማታ ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር፣ እንግዲህ…» እያለች ትንተባተባለች። «ተይው የኔ ልጅ፣ ገብቶኛል» ብዬ አቀፍኳት። ከዚያ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው።

ስንዱን ያወቅኋት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ካዛንቺስ ነው። ድርጅታችን ትንንሽ አውሮፕላን የሚያከራይ ነበር። አውሮፕላኖቹ የሚያድሩት አውሮፕላን ማረፊያ ቢሆንም ቢሮው ካዛንቺስ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ነው። በመስኮቱ ዝቅ ብለው ሲያዩ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ የቡና ቤት ደጅ፣ «ስታዲየም! በባምቢስ ስታዲየም!» የሚል ወያላ። ጣሪያው ላይ የሬዲዮአችን አንቴና ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል፤ የጎረቤት ቡና ቤት ባለቤት «ቴሌቪዥኔን በጠበጣችሁብኝ» እያለች በሳምንት በሳምንቱ ደረጃውን ወጥታ ትጨቃጨቀን ነበር።

የእኔ ሥራ በረራ መሸጥ ነው። የስንዱ ሥራ ደግሞ የበረራ ዕቅድ። ያለ እሷ ፊርማ የሚነሳ አውሮፕላን አልነበረም። እኔ እሸጣለሁ፣ እሷ ትሰርዛለች፤ በቃ እንዲህ ስንጣላ ነው የተዋደድነው። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ብላት ብድግ ብላ በሩን አየች። «ማን መጣ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ ሆነች፣ እኔንም ገላገለችኝ፤ የምትበልጠኝም በጥቂት ዓመት ነው።

ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ ሴት ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ሹራቧን አታወልቅም። ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ በስታዲየም አድርጋ፣ ባምቢስን ሽቅብ በእግሯ ነው የምትመጣው። «ደሞዝ እየበላሽ ለታክሲ ትሰስቺያለሽ?» ስላት «ታክሲ ውስጥ ሰማይ አይታይም» አለችኝ። ባምቢስ ዳገቱ ላይ ቆም ትልና ወደ ደቡብ ምዕራብ ታያለች። አንድ ቀን ደርሼባት አብሬያት ቆምኩ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጥርት ብሏል። «ምን ያምራል!» አልኩ። «ጠዋት የሚያምር ሰማይ አልወድም» አለችና መንገዷን ቀጠለች። የዚያን ቀን ከሰዓት በረዶ ወርዶ የጎረቤታችንን የፕላስቲክ ወንበር ሁሉ በሳው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትንሽ እፈራት ጀመር።

ስለ ሥራዋ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ከሜትዎሮሎጂ በፋክስ የሚመጣላት ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አሁን ያለውን ይናገራል፦ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ምን ያህል ርቀት ይታያል፣ ደመናው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሏል። ሁለተኛው የሚመጣውን ይገምታል። ሁለቱም በቁጥርና በተቆራረጠ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ እኔ ሳያቸው የሐኪም ማዘዣ ይመስሉኛል። እሷ ግን እንደ ጋዜጣ ነው የምታነባቸው። «ሲቢ» የሚል ካገኘች እርሳሷ እዚያው ይቆማል። ሲቢ ማለት ሽቅብ እንደ ግንብ የሚያድገው፣ መብረቅና በረዶ በሆዱ የያዘው ደመና ነው። ትንሽ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ከገባ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። አንብባ ስትጨርስ፣ በረራው የማይሆን ከሆነ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠውና እጇን ትጭንበታለች። ወረቀቱ ከተገለበጠ አለቀ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ አይቀናም።

ችግሩ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ትልልቅ ማረፊያዎች ነው። የእኛ አውሮፕላኖች ደግሞ የሚያርፉት ደቡብ ምዕራብ ተራሮች መሀል፣ ላም የሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። ጅማ የታየው ደመና ከተራራው ጀርባ ላለው ሜዳ ምኑ ነው? ስለዚህ ስንዱ በየሜዳው የራሷ ሰዎች ነበሯት፤ ሬዲዮ ያለው አስተማሪ፣ የክሊኒክ ሠራተኛ፣ ነጋዴ። በየጠዋቱ ትጠራቸዋለች። ታዲያ «አየሩ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። እሷ አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት እኔ ጠየቅሁና ጉድ ሆንኩ። «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለኝ ሰውየው። ከጀርባው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል እኮ!

«ሰላምታ ጠየቅሽው፣ ሰላምታ መለሰልሽ» አለችኝ ስንዱ በተዘጋ ድምፅ። «ምን ያድርግ?»

እሷ ስትጠይቅ ሌላ ነው። «የትምህርት ቤቱ ባንዲራ ወዴት ነው የሚውለበለበው? ከወንዙ ማዶ ያለው ዋርካ ይታይዎታል? ሜዳው ላይ ሲራመዱ ጫማዎ ይሰምጣል? ደመናው ተራራውን ከየት ላይ ቆርጦታል፣ ከአንገቱ ወይስ ከወገቡ?» ከአንገቱ ከሆነ አውሮፕላኑ ይሄዳል። ከወገቡ ከሆነ ወረቀቱ ይገለበጣል። ያላዩትን አይንገሩኝ፣ የገመቱትንም አይንገሩኝ ትላቸዋለች፤ የሚታይዎትን ብቻ።

ከእኔ ጋር የምንጣላው በአንድ ቃል ነበር። ደንበኛ መጥቶ «ነገ አውሮፕላን ይኖራል?» ሲለኝ፣ እንደማይኖር እያወቅሁ «እናያለን» እላለሁ። ምን ልበል? ሰው ፊት ላይ «የለም» ይባላል እንዴ? እናቴ እንኳ ለማኝ ስትሸኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምትለው። ስንዱ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። «እናያለን የሚባል የአየር ሁኔታ የለም!» ትለኛለች ደንበኛው ፊት። «ቁርጡን ንገሪው። አልጋ ይያዝ፣ መኪና ይፈልግ፣ ቀጠሮውን ይለውጥ። ተስፋ ሰጥተሽ ደጅሽ ላይ ካስቀመጥሽው አስረሽዋል ማለት ነው።»

«አንቺ ልብ የለሽም» አልኳት አንድ ቀን።

«ልብ አለኝ። የአየር ወረቀት ላይ ግን አላስቀምጠውም።»

አንዴ አንድ ሀብታም ነጋዴ ሙሉ አውሮፕላን ተከራይቶ ነበር። ሠርዛበት ሲጮህባት ዋለ፤ መስኮቱን እየጠቆመ «ይሄ ነው ዝናብ? ይሄ ነው ደመና?» ይላል። ያን ቀን እዚህም እዚያም ሳይዘንብ መሸ። እኔ ኮሚሽኔ የቀረብኝ፣ ቆሽቴ አርሮ «ተሳሳትሽ!» አልኳት። ማኪያቶዋን እያማሰለች «አዎ፣ ተሳሳትኩ» አለች። «ሁሉም ደግሞ በሕይወት አለ። ከዚህ የተሻለ ስህተት ካለ አምጪልኝ።» ወይ ድርቅና! ግን እውነቷን ነበር፤ አሁን ባስበው።

ከሜዳ ሰዎቿ ሁሉ የምትወደው መምህር ታደለን ነው። በአካል አይተነው አናውቅም፤ እሷም እኔም። ድምፅ ብቻ ነበር። ረጋ ያለ፣ ቃሉን እየመረጠ የሚናገር ድምፅ። «ዛሬ ተራራው ነጠላውን ተከናንቧል፤ ፊቱ ግን ይታያል» ሲላት ትስቃለች፤ ሌላ ጊዜ ስትስቅ አላስታውሳትም። «ከወንዙ ማዶ ያለው ዋርካ አይታየኝም፤ ግን እዚያው እንዳለ እገምታለሁ» ብሎ አንዴ ቢቀልድባት እኛ ጋ ቁጭ ብሎ ወረፋ የሚጠብቀው ፓይለት ሁሉ ሳቀ። ታደለ ያላየውን አያወራም። ስንዱም ለታደለ ያልሆነውን አትነግረውም። ስታምነው ዓመታት ሆኗታል፣ እሱም እንደዚያው።

ሬዲዮው የጋራ ስለሆነ የሰው ገመና ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የታደለ ሚስት ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ማርገዟን የሰማነው በሬዲዮ ነው። ያን ጠዋት ከየሜዳው «እንኳን ደስ አለህ!» እየተባለ የአየር ሁኔታው ሁሉ ዘገየ። ስንዱ እንኳ አልተቆጣችም። ማይኩን ይዛ «በሰላም ይገላግላት፣ መምህር» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንዲራውንና ደመናውን ጠይቃ ስትጨርስ «ባለቤትዎስ?» የሚል ጥያቄ ጨመረች።

ነሐሴ ነበር። ያን ጠዋት ስገባ ቢሮው ጨልሟል፤ መብራት ጠፍቶ አይደለም፣ ሰማዩ ነው። ካዛንቺስ ላይ ደመናው ከሕንፃዎቹ ጣሪያ ጋር ተጣብቋል። ወያሎቹም እንኳ ያን ዕለት አይጮሁም፤ ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ጥግ ይዘዋል። ስንዱ ከፋክሱ አጠገብ ቆማ ታነባለች። ሹራቧ ትከሻው ላይ ርሷል። «ጅማ መሬት ድረስ ተዘግቷል» አለችኝ ሰላምታም ሳትሰጠኝ። «ሲቢ ጠዋት፣ ሲቢ ቀትር፣ ሲቢ ማታ። ደቡብ ምዕራቡ በሙሉ።» ወረቀቱን ገለበጠችው። እጇን ጫነችበት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሬዲዮው የጠራን ከዚያ በኋላ ነው።

«እትዬ ስንዱ፣ ይሰሙኛል? ኦቨር።» መምህር ታደለ ነው። ድምፁ ግን የታደለ አይደለም። ሌሊቱን ሚስቱ ወልዳለች፤ ሴት ልጅ። ሕፃኗ ደህና ናት። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፣ ደሙም አልቆመም። የክሊኒኩ ሠራተኛ ያለውን ሁሉ አድርጎ እጁን አንሥቷል። «አውሮፕላን ይምጣልን» አለ። «እባክዎ።»

እኔ ስንዱን አየሁ። ስንዱ የተገለበጠውን ወረቀት አየች። እጇ አሁንም እላዩ ላይ ነው።

«ደመናውስ፣ መምህር?» አለችው።

መዋሸት ይችል ነበር እኮ! ማንም ባል ይዋሽ ነበር። «ከወገቡ ቆርጦታል» አለ። «ባንዲራው አይንቀሳቀስም። ሜዳው ጭቃ ነው። ዋርካው… ዋርካው አይታየኝም፣ እትዬ።»

ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ሬዲዮው ብቻውን ይንሿሿል። ከዚያ፣ በሕይወቴ ከእሷ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ።

«እስቲ ይጠብቁ» አለች። «ረፋዱ ላይ የሚመጣውን ትንበያ እናያለን።»

ወረቀቱ ተገልብጦ! እኔ፣ በቀን አሥር ጊዜ «እናያለን» የምለው ሴት፣ ያን ቃል ከእሷ ስሰማ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ልቧ ራርቷል፣ ደግ አደረገች ብዬ ነው ያሰብኩት።

ረፋዱ ላይ አዲሱ ትንበያ መጣ። ከፊተኛው የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አልነበረውም። ካፒቴን ብሩክ፣ ከወጣት ፓይለቶቻችን ደፋሩ፣ ነገሩን አውሮፕላን ማረፊያ ሰምቶ ዝናቡ እላዩ ላይ እየወረደ መጣ።

«እትዬ ስንዱ፣ ልሞክር። ካልሆነ እመለሳለሁ።»

«በየት ነው የምትመለሰው?»

«በሄድኩበት።»

«ደመናው እስክትመለስ ይጠብቅሃል? ሸለቆው ውስጥ ከገባህ በኋላ ከጀርባህ ቢዘጋ መዞሪያ የለህም። ጅማ ተዘግቷል። የት ልታርፍ ነው?»

«ሴትዮዋ እየሞተች ነው እኮ!»

«አንተ ብትሞትላት አትድንም፣ ብሩክ።»

ልጁ ኮፍያውን ወለሉ ላይ ወረወረው። እሷ አነሣችለትና ወንበሩ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ወደ ሬዲዮው ሄዳ ታደለን ጠራችው። ደመናው እንዳለ ነው አላት። ሚስቱስ? «ትንቀጠቀጣለች፣ ውኃ ትጠይቃለች» አላት። «ይጠብቁ፣ መምህር። ቀትር ላይ ደግሞ እናያለን።» ብሩክ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እንጃ። ማንም ምሳ አልበላም። የጎረቤታችን ባለ ቡና ቤት ስለ ቴሌቪዥኗ ልትጨቃጨቅ ወጥታ፣ ፊታችንን አይታ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። መብረቅ ባምቢስ አካባቢ አንድ ቦታ ወደቀና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ስንዱ ቆማ ነው የዋለችው። አንድ ጊዜ ብቻ ሲያመልጣት ሰማኋት፦ «ተነሥ እንጂ፣ ተነሥ» ትላለች፤ ደመናውን ነው። እሷ፣ ደመናን ስትለምን! ከፍርሃቴ ብዛት ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ቀትር አልፎ ሬዲዮው ጠራን። መምህር ታደለ ነው። አሁን ድምፁ ወደ ቀድሞው ተመልሷል፤ ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚመርጥ።

«እትዬ ስንዱ፣ አውሮፕላኑ ይቅር። አያስፈልግም» አለ። «ስለ ደከማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኦቨር።»

ስለ ደከማችሁ! እኔ ጮኼ አለቀስኩ። ብሩክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስንዱ «ተሰምቷል» አለች፣ ማይኩን በቦታው ሰቀለችው፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የተገለበጠውን ወረቀት ቀና አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

ከዚያ ወዲህ ታደለ በሬዲዮ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ስትጠራው ሌላ ሰው ይመልስላታል። ሁላችንም አንድ ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ አንድ የሚመጣ ነገር። ሰውየው ሊከሰን ነው አሉ ቢሮ ውስጥ። ሰውየው ይመጣል፣ ይሳደባል፣ ይማታል አሉ። በደረጃው ላይ የማላውቀው ሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ አቀረቅራለሁ። ስንዱ ግን ኮቴ ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ ትልና ቆማ ትጠብቃለች። ሌላ ሰው መሆኑን ስታይ ትቀመጣለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እውነትም መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጺሙ ያደገ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ሰማሁት፣ በቃ ዐወቅሁት። ስንዱም ዐወቀችው። ቆማ ነበር ቀድሞውኑ።

«ይቀመጡ፣ መምህር» አለች።

«ቆሜ ልናገር። አልቆይም።»

እሷ የዚያን ቀን ወረቀቶች ከመሳቢያ ማውጣት ጀመረች። «ጅማ ተዘግቶ ነበር፤ ትንበያውም…» እያለች ልታስረዳው ስትል በእጁ አስቆማት።

«ስለሱ አልመጣሁም፣ እትዬ። ደመናውን የነገርኩዎት እኔው ነኝ። ያ ልጅ ቢመጣ ኖሮ ተራራው ላይ ነበር የሚቀረው፤ አውቃለሁ። አውሮፕላኑን ስለከለከሉ አልወቅስዎትም።» ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ጠዋት፣ መጀመሪያ ስጠራዎት፣ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ የወጣ መሰለኝ። እኔ ዘልዬ ገባሁ፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ። «ኧረ በፍጹም፣ መምህር! ምን እናውቃለን፣ ይነሣል ብለን…»

«አውቅ ነበር» አለች ስንዱ።

ታደለ ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብሎ፣ የሚያውቀውን ነገር እንደነገሩት ሰው።

«ታዲያ ለምን ይጠብቁ አሉኝ?»

«አሳዘኑኝ» አለችው።

«ጎረቤቶቼ ቃሬዛ አበጅተው ደጄ ላይ ቆመው ነበር» አለ ታደለ። «ሃያ ወንድ ይሆናል፤ ተራ በተራ ሊሸከሟት። በማለዳ ቢነሱ ከመምሸቱ በፊት መኪና መንገድ ይደርሳሉ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ‹አስቀምጡት፣ አውሮፕላን አለ› ብዬ። አንድ ሽማግሌ ‹ልጄ፣ የከተማ ሰው ጠብቅ ካለህ እምቢ ማለቱ ነው፣ እንሂድ› አሉኝ። ‹እኚህ ሴትዮ እንደሱ አይደሉም› አልኳቸው።»

ስንዱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ሌላ ሰው ቢሆን ‹እናያለን› ያለኝ፣ ቁርጡን ዐውቄ አነሣት ነበር፣ እትዬ። እርስዎ ስለሆኑ ነው የጠበቅሁት።» ድምፁ እዚህ ላይ ብቻ ተሰበረ። «ትድን ነበር አልልም። መንገድ ላይም ልትሞት ትችል ነበር። ያላየሁትን አልናገርም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን ዝናብ ላይ፣ ሜዳው ዳር ተጋድማ ሰማይ ሰማይ ስታይ ነው የሞተችብኝ። ‹ድምፅ አይሰማህም?› እያለችኝ።»

ኮፍያውን አደረገ። ስንዱ «ይቅር ይበሉኝ» አላለችም። ሕፃኗን ማን እንደያዛት ጠየቀችው። «እናቴ» አላት። «እግዚአብሔር ያሳድግልዎት» አለችው። «አሜን» አለና ወጣ። ኮቴው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ሁለታችንም ቆመን ነበር።

እኔ ልይዛት ብሄድ እጄን በቀስታ ገፋችው። «ተይኝ» አለችኝ። «አንቺ በቀን አሥር ጊዜ ትዋሺ ነበር፣ ማንንም አልገደልሽም። ማንም አያምንሽምና። እኔ አንድ ጊዜ ዋሸሁ።» በቁጣ አይደለም የነገረችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ፣ በረራ በሠረዘች ቁጥር በመጨረሻ የምትጨምራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረቻት። አዳዲስ ፓይለቶች ይስቁባት ነበር፤ «ሴትየዋ ጃጀች» ይላሉ። ከየት እንደመጣች እኔና ብሩክ ብቻ ነን የምናውቀው። መጀመሪያ የተናገረቻት ታደለ በወጣበት ከሰዓት ነው።

ሬዲዮው ጠራን። የሌላ ሜዳ ሰው ነው፣ ማር ነጋዴ፤ ሥራውም ጨዋታውም ደስ የሚል ሰውዬ። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ እዚያ ግን ዝናቡ ገና አላባራም። ስንዱ ማይኩን አነሣች። ባንዲራውን ጠየቀች። ጭቃውን ጠየቀች። ተራራውን ጠየቀች። ወረቀቷን ገለበጠችው።

«ዛሬ አውሮፕላን አይመጣም» አለች። «ነገም አይመጣም። አትጠብቁን። የታመመ ሰው ካላችሁ አሁኑኑ አንሡት።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ኧረ እትዬ፣ የታመመ የለንም! ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ የምንልከው ማር ነው።»

«ይሁን» አለች ስንዱ። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነው። «ካለ አንሡት።»